መስኮት የሌለው መኪና

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት መጻፉን ለዛሬ አቆይቼ ስለ አንድ አሮጌ የዕቃ መጫኛ መኪና ላወጋችሁ ነው። ከፖለቲካው ጨርሶ እወጣለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ በእኛ አገር የየትኛውም መኪና በር ሲከፈት ፖለቲካው ቀድሞ ተሳፍሮ ይገኛልና።

መኪናው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። በናፍጣ የሚሠራ፣ ከፊት ካለው በስተቀር ወንበር የሌለው፣ ከኋላ ዙሪያውን በላሜራ የተዘጋ። ለብዙ ዓመታት ከሰንበቴና ከጨፋ ሜዳ ሽንኩርት፣ ማሽላና ማሾ እየጫነ ወደ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የኖረ ነው። የሸጡልኝ ዕድሜያቸው የገፋ የከሚሴ ነጋዴ ናቸው። ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት «ዶክተር፣ አንተ ደግሞ ምን ልትጭንበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እናቴን ነዋ ሐጂ» አልኳቸው። ሳቁ፤ የእኔም ሳቅ መጣ። በኋላ ግን ያቺ መልሴ ስትከነክነኝ ሰነበተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምትኖረው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በከሚሴ ነው። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ በየሁለት ወሩ ደሴ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቅ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ እግሯን ማጠፍ የማትችል አሮጊት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆና ሐረጎን ስትወጣ ምን እንደሚሰማት ያየ ያውቀዋል። «ታዲያ ለምን ደህና የቤት መኪና አልገዛህም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ የሚከብደው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ፣ በተለይም በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ በኋላ፣ አገር ውስጥ ያለ መኪና ባረጀ ቁጥር የሚረክስ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። የመምህር ደመወዝ አይደርስበትም። ስለዚህ ሌላው ሰው ሽንኩርት የጫነበትን ገዝቼ ለሰው ላደርገው ወሰንኩ።

ጽዳቱን የጀመርነው ከሚሴ፣ በእናቴ ግቢ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከማስተምርበት ከተማ እየተመለስኩ ከአክስቴ ልጅ ጋር እንሠራለን። መጀመሪያ የወለሉን ኮምፔንሳቶ ነቀልን። ከሥሩ የወጣው ነገር የአንድ ወረዳ የግብርና ሪፖርት ይመስል ነበር፤ የደቀቀ ማሽላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ማሾ፣ የበርበሬ ፍሬ፣ የማዳበሪያ ብናኝ። ሽንኩርቱ የተፋው እርጥበት ለዓመታት ከኮምፔንሳቶው ሥር ተኝቶ ላሜራውን በልቶታል። እንዲህ ያለ መኪና ጽዳቱ በውኃ አይጀመርም። መጀመሪያ በደረቁ ይጠረጋል፤ የበሰበሰው ይወጣል፤ ከዚያ በኦሞና በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም በሮቹ ተከፍተው ቀናት ይደርቃል። ለማድረቁ የከሚሴ ፀሐይ ማንንም አታሳፍርም። ሲደርቅ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ የተበሳው በአዲስ ላሜራ ይበየዳል። ምንጣፉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዝገት ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ዝገቱን ከዓይኑ እንጂ ከመኪናው አያርቀውም። ይህን ስጽፍ ስለ መኪና ብቻ ነው የማስበው ብል የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም።

ወለሉ ተጠግኖ ባለቀ ጊዜ እናቴን ደግፌ ወደ መኪናው ወሰድኳት። የኋላውን በር ከፍቼ፣ «ይኸው እማ፣ እዚህ ፍራሽ ይነጠፋል፤ እግርሽን ዘርግተሽ ትሄጃለሽ» አልኳት። ጨለማውን ክፍል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም» አለች።

የሽንኩርቱ ሽታ መስሎኝ ገና እንደሚታጠብ ነገርኳት።

«ሽታው አይደለም ልጄ። መስኮት የለውም። ወንድሜንም የወሰዱት መስኮት በሌለው ነው።»

ለወጣት አንባብያን ጥቂት ማስታወስ ሳይኖርብኝ አይቀርም። ዛሬ በዚሁ ዞን ውስጥ የምትገኘው ባቲ በ1977 ዓ.ም. በረሃብ የተፈናቀሉ ሰዎች ከተሰበሰቡባቸው ትልልቅ መጠለያዎች አንዷ ነበረች፤ ስሟ ከኮረም ጋር በዓለም ዜና ናኝቶ ነበር። በዚያን ዓመትና በተከታዩ የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚደርሱ ሰዎችን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሳ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ። አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ የመሬቱ መራቆትም እውነት ነበር፤ በፈቃዳቸው የሄዱም አሉ። ነገር ግን ከእርዳታ ማከፋፈያና ከገበያ እየታፈሱ፣ ከሚስትና ከልጅ እየተነጠሉ የሄዱም ብዙ ናቸው። በአውቶቡስም፣ በጭነት መኪናም፣ ለዕቃ በተሠራ አንቶኖቭ አውሮፕላንም ተጓጓዙ። አጎቴ እህል ሊቀበል ባቲ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ እርሱ አልተመለሰም።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለተማሪዎቼም ቁጥሩን ከነዓመተ ምሕረቱ ስነግራቸው ኖሬያለሁ። መስኮቱን ግን እናቴ ነግራኝ አታውቅም ነበር። «ሸራው ተሸፍኖ ነበር፤ እጅ እንኳን የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም» አለችኝ በሩ አጠገብ እንደቆመች። «እርሱ የት እንደሚሄድ አላየ፣ እኔ ፊቱን አላየሁ።» ሃያ ዓመት ያህል ሳስተምረው የኖርኩትን ጉዳይ ከሁለት ዓረፍተ ነገር ተማርኩት።

ያን ሌሊት ስለ ቋንቋችን ሳስብ አደርኩ። በአማርኛ ሽንኩርትም ይጫናል፣ ሰውም ይጫናል። ሾፌሩ «ትርፍ ጫንክ» ተብሎ ይቀጣል፤ «ትርፍ» ከልክ በላይ የተጨመረውም ሰው ነው፣ ከእርሱ የሚገኘውም ገንዘብ ነው። «ተሳፋሪ» የሚል የከበረ ቃል አለን፤ የምንጠቀምበት ግን ትኬት ላይና ማስታወቂያ ላይ ነው። ለመሆኑ በተሳፋሪና በጭነት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ወንበር አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦም እንደ ጭነት የሚሄድ አለ። እንደ እኔ እንደ እኔ ልዩነቱ ሦስት ነገር ነው። ተሳፋሪ የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ መንገዱን ያያል፤ ሲሻው ደግሞ «ወራጅ አለ» ይላል። ጭነት «ወራጅ አለ» አይልም። የ1977ቱ ሰፈራ ካርታ ነበረው፣ ዕቅድ ነበረው፣ ትራክተርም ነበረው፤ «ወራጅ አለ» የሚባልበት ቦታ ግን አልነበረውም።

ስለዚህ መስኮት መከፈት ነበረበት። መኪናውን ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ባትላሜራ ወሰድኩት። ባለሙያው በወጣትነቱ ሥራውን የለመደ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ከጎን ያሉት ቋሚ ብረቶች ጣሪያውን የተሸከሙ በመሆናቸው በመካከላቸው ብቻ እንደሚቆረጥ፣ የተቆረጠው ጫፍ መስታወቱና ጎሚኒው ከመግባታቸው በፊት ቀለም ካልተቀባ ከሥር እንደሚዝግ፣ ከበሮቹ ግርጌ ያሉት ቀዳዳዎች የውኃ መውረጃ ስለሆኑ ማንም ሊደፍናቸው እንደማይገባ አሳየኝ። የሃይኤስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ሙቀቱና ጩኸቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኑ በወፍራም ንጣፍ ተሸፈነ። ለቆላው ሐሩር ደግሞ ጣሪያው ከውስጥ ስፖንጅ ተለብዶ ታሸገ። ወንበሮቹ በቀጭኑ ወለል ላይ ብቻ አልታሰሩም፤ ከሥር ሰፊ ብረት ተደግፎላቸው ነው የታሰሩት፤ ቀበቶም ተገጠመላቸው።

የቀረው ባሌስትራው ነበር። የዕቃ መኪና የኋላ ባሌስትራ ከባድ ጭነት እንዲሸከም የተደረደረ በመሆኑ ባዶውን ሲሄድ ይነጥራል፤ የታመመ ጉልበት አይችለውም። አንድ ቅጠል ይቀነስለት ተባለ። እኔ ደግሞ እንደ ተማረ ሰው ሁሉንም ላስታርቅ ፈለግኩ፤ አልፎ አልፎ ለቤተሰቡ እህል የሚያመላልስ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኩ። ባለሙያው መፍቻውን አስቀምጦ አየኝ። «ዶክተር፣ ሁለቱንም አይሆንልህም። ወይ ለጭነት ነው ወይ ለሰው ነው» አለኝ። ቅጠሉ ተቀነሰ።

ስለ ወንበሮቹ አቀማመጥም ተከራክረን ነበር። እኔ በደርግ ዘመን የነበሩትን፣ የኋላቸው አግዳሚ ተገጥሞለት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚሄድባቸው ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ የሰየማቸውን ታክሲዎች አስቤ ነበር። እናቴ ሰው ፊት ለፊት አይታ ማውራት ትወዳለች። ባለሙያው ግን በጎን የተቀመጠ ሰው ፍሬን ሲያዝ መያዣ የለውም ብሎ አልተስማማም። በመጨረሻ ወንበሮቹ ወደ ፊት እንዲያዩ፣ አንደኛው ግን መኪናው ሲቆም ወደ ኋላ እንዲዞር ተደረገ።

ከጭነት ወደ ሰው መለወጥ ግን በጋራዥ አያልቅም፤ በሊብሬውም ላይ መለወጥ አለበት። ላሜራው ከመቆረጡ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንደኛው ሹም «መጀመሪያ ሠርተህ አምጣና እናየዋለን» ሲለኝ፣ ሁለተኛው «ሳታስፈቅድ ብትነካው ትቀጣለህ» አለኝ። ሁለቱም ያዩት ወረቀቱን እንጂ ጉዳዩን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ያገኘሁት ወጣት ሠራተኛ ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው አንብቦ «ስንት ሰው ነው የሚሳፈርበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሐጂው ጀምሮ «ምን ትጭንበታለህ» ሳይለኝ የቀረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ፈቃዱን የሰጠኝም እርሱ ነው፤ ሥራው አልቆ ከተመረመረ በኋላ ሊብሬው ተለወጠ።

ይህን ያህል ስለ አንድ መኪና መጨነቅ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን መንገድ ያስታውስ። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጅሌ ጥሙጋ፣ በአጣዬና በአካባቢው በተነሳው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ መንገዱም ተቆረጠ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ራሱ መጣ፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። በእነዚያ ዓመታት ኦሮሞውም አማራውም ልጁን አቅፎ ባገኘው የጭነት መኪና ላይ ወጥቷል። መሣሪያ የያዘው ወገን ሁሉ በሕዝብ ስም ይናገር ነበር። ሕዝቡ ግን የት እንደሚወሰድ የጠየቀው አልነበረም፤ ከእህል ጆንያ ጋር ተጭኖ ነበር። በእኛ አገር መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ባሌስትራው ግን እስከ ዛሬ ለጭነት እንደተደረደረ ነው። «ሁለቱንም አይሆንልህም» የሚለውን የባትላሜራውን ቃል ወንበር ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ብልክላቸው እወድ ነበር።

ወደ እናቴ ልመለስ። መኪናው ተመልሶ ግቢ በቆመ ዕለት በትሯን ተደግፋ ዙሪያውን ዞረችው። መስታወቱን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከፈተችው፤ ዘጋችው። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ወይራ እንዲያመጣ ላከችው፤ እርሷ በኦሮምኛ ኤጄርሳ ነው የምትለው። ፍሙን በገል አድርጋ የወተት ዕቃ እንደሚታጠን መኪናውን በወይራ አጠነችው። ሁለት ወር በኦሞና በሳሙና ያልለቀቀው የሽንኩርት ሽታ በዚያው ተሸነፈ።

ከሳምንት በኋላ ወደ ደሴ ወጣን። የቦርከና ሜዳ በስተግራ እየታያት፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ የትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ እየነገረችኝ ሄደች። አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው ገና በሩን ሳይከፍት «ምን ጭነሃል?» አለኝ። ከፈተው። እናቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ታየዋለች። «ይቅርታ እማማ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው። እርሷም «አብሽር ልጄ» አለችው።

ሐርቡን አለፍ እንዳልን ከኋላዬ ጣሪያው በትር ሲነካው ሰማሁ።

«ወራጅ አለ» አለች እናቴ።

ደነገጥኩ፤ ያመማት መሰለኝ። ምንም አልሆነችም። የዙሁር ሶላት ደርሶ ነበርና ቁጭ ባለችበት ልትሰግድ ነው። መኪናውን ዳር አስያዝኩ፣ ሞተሩንም አጠፋሁ፤ እስክትጨርስም ጠበቅኳት።

ቸር ይግጠመን።