ለምንሄድበት ቀን ሳይሆን ለዛሬ ማታ

ሰሞኑን እዚህ ካኩማ ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄ ካርቶን ሰው ይሸከማል?» ይሸከማል። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ ይህን የምጽፍላችሁም እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ካርቶን ቆርጣችሁ ጠርዙን ብታዩ፣ በሁለት ወረቀት መሃል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ሦስተኛ ወረቀት አለ። ሽንሽኑ ወደ ላይ ከቆመ እንደ ምሰሶ ይሸከማል፤ ከተጋደመ ይጨፈለቃል። ስለዚህ እግሩን ሽንሽኑ እንዲቆም አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ እግሮቹን እስከ ግማሽ ሰንጥቃችሁ እርስ በርስ ሰካኳቸው፤ ሚስማር አያስፈልግም። ለመቀመጫው አምስት ስድስት ካርቶን ደራርቡ፤ የአንዱ ሽንሽን የሌላውን ያቋርጥ። ሙጫው በውሃ የተፈላ ዱቄት ነው፣ እንደ አጥሚት። ራሽን በቀነሰበት ጊዜ የልጅ ምግብ አታባክኑ፤ ነቀዝ የገባበት ዱቄት ይበቃል። ድንጋይ ጭናችሁ አድርቁት። ጠላቱ ውሃና ምስጥ ነው፤ ከእግሩ ሥር ላስቲክ አንጥፉ።

ወረቀት መናቅ የለበትም። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን በ1990ዎቹ ለሩዋንዳ ስደተኞች የመጠለያ ምሰሶ የሠራው ከወረቀት ቱቦ ነበር፤ ስደተኛው ለምሰሶ ብሎ ዛፍ እንዳይቆርጥ። በዛፍ ምክንያት ከአካባቢው ሰው ጋር መጋጨት ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን።

ነገሬ ግን ስለ ወንበር ብቻ አይደለም። አንድ አባት ለልጃቸው ጠረጴዛ እንሥራላት ስላቸው «ፕሮሰሳችን ሊያልቅ ነው፣ ለምን ዕቃ እናበዛለን?» አሉኝ። ይህን ሲሉ ሰባት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ልጅቷ ከአራተኛ ክፍል ተነስታ ፎርም ስሪ ደርሳለች፤ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። የእኛ ሕይወት ቆሞ ይጠብቅ ይሆናል፤ የልጅ ዕድሜ ግን ፕሮሰስ አይጠብቅም። የሚሄድ ሰው ጠረጴዛውን ለጎረቤት ትቶ ይሄዳል፤ ምን ከሰረ?

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለዚህ ብር አትላኩ። ስትደውሉ ብቻ ልጁን «የት ተቀምጠህ ነው የምታጠናው?» ብላችሁ ጠይቁልን። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርቶንና ቢላ ይዛችሁ ኑ። ልጆቹንም አምጧቸው፤ ቁመቱ የሚለካው በእነሱ ነው።