ከሐዋሳ ፒያሳ፤ ስለ አንድ የጀርመን የቤተ ሰብ ስም

ባለፈው ወር በፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ ሐዋሳ ወርጄ ሳለሁ፥ ሥራዬን እስከ ቀትር ፈጽሜ በፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ተቀመጥሁ። ከዚህ ስፍራ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፤ ሰፊውም መንገድ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ፒያሳ ማለት በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው። ዳሩ ግን ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ሐዋሳ ገና ከተማ አልነበረችም፤ የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ ስሙ ከአዲስ አበባ ተከትሎ መጣ እንጂ ጣልያን በዚህ አልተከለውም።

ስለ ስም ያሳሰበኝ በእጄ የነበረው መዝገብ ነው። አባቱ ጀርመናዊ፥ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ አንድ ጐልማሳ የአባቱን ውርስ ይጠይቃል። ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ሳገለግል የልደት ወረቀቱን የገለበጥሁ እኔ ነበርሁ፤ የአባቱንም የቤተ ሰብ ስም «የአያት ስም» በሚለው ዓምድ አገባሁት። ከጀርመን የመጣው ወረቀት ግን የአያቱን ስም ሌላ አድርጎ ስለሚያሳይ፥ ተከራካሪዎቹ «ይህ ሰው የዚያ ልጅ አይደለም» አሉ።

የጐልማሳውን ስም መግለጥ ስለማይገባኝ፥ ነገሩን በታሪካችን በሚታወቅ ስም ላስረዳ። ኤድዋርድ ዛንደር የአንሃልት ተወላጅ ሠዓሊ ነበረ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1847 ወደ አገራችን መጥቶ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ተቀመጠ፤ ውቤ በ1855 ድል ከሆኑ በኋላ ለዐፄ ቴዎድሮስ አገልግሎ፥ መቅደላ በወደቀበት ዓመት በ1868 ሞተ። ዛንደር የአባቱ የመጠሪያ ስም አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤቱ ስም ነው። ጀርመኖች በመካከለኛው ዘመን፥ ከተሞቻቸው ሲበዙና አንድ ስም ያላቸው ሰዎች ሲደባለቁባቸው፥ ይህን ልማድ አጸኑ። እኛ ግን በአባት ስም ስለምንጠራ፥ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል።

የስሙ ምንጭ ደግሞ ያስደንቃል። ዛንደር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሌክሳንደር ነው፤ ጀርመኖች ራሱን ቈርጠው ጅራቱን አስቀሩት። ዐረቦችም በበኩላቸው መነሻውን «አል» የቋንቋቸው መስተኣምር መስሏቸው ጥለው እስክንድር አሉት፤ እኛም እንዲሁ ተቀበልነው። ከ1478 እስከ 1494 የነገሡት ዐፄ እስክንድርና ሠዓሊው ዛንደር እንግዲህ ሞክሼ ናቸው! በጀርመን ዛሬም፥ ይልቁንም በሰሜንና በምሥራቅ፥ በዛንደር የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሠዓሊው ስም ለዘር አልተረፈም፤ እስክንድር የሚባል ልጅ ግን በየሰፈሩ አለ።

ዘሩስ? ልጁ ወለተ ኢየሱስ፥ በፈረንጅ ስሟ ካታሪና፥ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት አንዱን ሞሪትስ ሃልን አገባች፤ ከመቅደላ በኋላም በያፋ ተቀመጡ። ልጃቸው ማግዳሌና ኡስቲኖቭ ለሚባል ባሮን ተዳረች። በ1921 በለንደን ተወልዶ በ2004 የሞተው ዝነኛው የሲኒማ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የማግዳሌና የልጅ ልጅ ነው። በሴት ወገን ስለ ወረደ፥ ደሙ ሲቀር ስሙ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። ስሙን ብቻ የያዘ ጸሓፊ ቢኖር ኖሮ የዛንደርን ዘር በለንደን አያገኘውም ነበር፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ወደ ማታ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ሲበልቱ ቆሜ አየሁ። ቆሮሶና አምባዛ ነበረ፤ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ዳኞች ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ዛንደር የሚባል ሥጋ በል ዓሣም በጀርመን ወንዞች አለ፤ አንዳንዱ የዛንደር ቤትም ስሙን ከእርሱ እንዳገኘ ይነገራል። በዚህ ሐይቅ ግን የለም።

ወደ ማደሪያዬ ተመልሼ፥ «በአያት ዓምድ የተጻፈው የቤተ ሰብ ስም ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምሁበት። በማግሥቱ ጧት ዳኛው ተቀብለው ከመዝገቡ ጋራ አያያዙት፤ ጐልማሳውም ከበር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።