ቁርበት አንጥፉልኝ

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ተረቱ ስለ ጅብ ብቻ የተነገረ አይደለም። ጅብ በአገሩ ቢሆን ኖሮ ቁርበቱ ቢነጠፍለት ራሱን ቁርበቱን እንደሚበላው የማያውቅ ሰው ባልኖረ ነበር። ድፍረት የሰጠው የአስተናጋጆቹ አለማወቅ ነው። ዛሬ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው እንግዳ ግን በእግሩ አይመጣም። በእጅ ስልክ መስታወት ላይ፣ በወርቅ ሳንቲምና በርችት ታጅቦ፣ ስሙን እንጂ አገሩን ሳይናገር ብቅ ይላል። ይህ እንግዳ የኢንተርኔት ቁማር ቤት ነው።

እነዚህ ቤቶች ከተፈጠሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው አንቲጓና ባርቡዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው የነፃ ንግድ ቀጠና ሕግ በሯን ከከፈተች ወዲህ፣ ቁማርተኛው ወደ ቁማር ቤት መሄዱ ቀርቶ ቁማር ቤቱ ራሱ ወደ ቁማርተኛው ኪስ መምጣት ጀመረ። ከመካከላቸው በሕግ የሚተዳደሩ፣ ሒሳባቸው የሚመረመር አሉ። ገንዘብ ለመቀበል እንጂ ለመክፈል ጨርሶ ያልተቋቋሙም አሉ። ሁለቱን መለየት የተሳነው ተማሪ የትራንስፖርት ገንዘቡን፣ ወጣቱ ሠራተኛ የወር ደመወዙን፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለእናቷ ልትልከው የቋጠረችውን ያጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የጨዋታ ቢመስልም ጨዋታ አይደለም።

በአዲስ አበባ የሚያስተምር አንድ የአማርኛ መምህር የእነዚህን ቤቶች ማስታወቂያዎች በደብተሩ እየገለበጠ ያጠራቅም ነበር። ዓላማው ቁማርን ማጥናት ሳይሆን ለሰዋስው ትምህርት የስሕተት ምሳሌ ማግኘት ነበር። በዚህ ረገድ ማስታወቂያዎቹ አላሳፈሩትም። አንደኛው «ክቡር ተጫዋች ሆይ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ዕድልህን ይሞክሩ!» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ወንድም ሴትም አንቱም መሆን ለማንም ፍጡር የሚቻል አይደለም። ሌላው «ሕያው ነጋዴ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቅዎታል» ሲል ያስታውቃል። ሊል የፈለገው ካርታ የሚያድለው ሰው በቪዲዮ በቀጥታ ይታያል ነው፤ አንባቢው ግን ሌሎቹ ነጋዴዎች ምን ነካቸው ብሎ መጨነቁ አይቀርም። ሦስተኛው በተሽከርካሪ ሥዕሎች ስለሚጫወቱት ጨዋታ ሲያስረዳ «ሦስት መበተን ያገኘ ታላቅ ሽልማት ይጠብቀዋል» ይላል። ተርጓሚው መሣሪያ ሳያውቀው እውነቱን ተናገረ፤ በዚያ ቤት መበተን በርግጥ ይገኛልና።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቹን ያሳቀው ግን «በ24 ሰዓት ውስጥ ማፈግፈግ ይችላሉ» የሚለው ነበር። በእንግሊዝኛ ገንዘብን ከሒሳብ ማውጣትና ጦርን ከግንባር መመለስ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው፤ መሣሪያው ከሁለቱ የጦርነቱን መረጠ። መምህሩ ከደብተሩ ሁሉ ቅን ምክር የተገኘው በዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው እያለ ያስተምር ነበር።

አንድ ቀን ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፣ አማርኛው የተስተካከለ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ታማኝ ይሆን ነበር?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ዝም አለ። ጥያቄው ሣቁን ሁሉ የሚያስቆም ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። የተበላሸ አማርኛ የሚያስረዳው ጋባዡ የሚጠራውን ሰው እንደማያውቀውና ለማወቅም እንዳልደከመ ነው። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ይሁን እንጂ የቋንቋ ስሕተት የአገልጋይነት ጊዜው እያለፈ ነው። የትርጉም መሣሪያዎች ከዓመት ወደ ዓመት ተሻሽለዋል። ትናንት አንቺንና አንቱን የሚያደባልቀው ማስታወቂያ ዛሬ ተውቦና ተስተካክሎ፣ በምሳሌያዊ አነጋገር ጭምር ታጅቦ ሊመጣ ይችላል። ጅቡ ቋንቋ ተምሯል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሆነውን እንግዳ በአነጋገሩ ብቻ ልለየው የሚል ሰው እንግዲህ ይታለላል። መመርመር ያለበት ግብዣው ሳይሆን ውሉ ነው።

ስለ ውል ሲነሣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ግሥ ልዩነት የተጀመረው ክርክር በአድዋ ተራሮች ላይ በየካቲት 1888 ዓ.ም. በደም ተፈታ። የአገርን ነፃነትና የቁማር ቤትን ማስታወቂያ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም፤ ትምህርቱ ግን ለትልቁም ለትንሹም ያገለግላል። ይኸውም፦ ግብዣው በአንድ ቋንቋ፣ ግዴታው በሌላ ቋንቋ ከሆነ መጠርጠር ያሻል።

አብዛኞቹ አጠራጣሪ ቤቶች የሚታወቁትም በዚሁ ነው። «ይምጡ፣ ይጫወቱ፣ ያሸንፉ» የሚለው በደማቅ አማርኛ ተጽፏል። ስለ ክፍያ፣ ስለ ክርክር፣ ሒሳብ ስለሚታገድበት ምክንያት የሚናገሩት ገጾች ግን በእንግሊዝኛ ተጽፈው፣ ፊደላቸው ከጤፍ አንሶ፣ ከገጹ ግርጌ ተደብቀው ይገኛሉ። በትርጉሞች መካከል ልዩነት ቢፈጠር የእንግሊዝኛው ቅጂ ይጸናል የሚል አንቀጽም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሉ የት አለ? በምን ቋንቋስ ተጻፈ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የባለቤቱ ማንነት ነው። ታማኝ ቤት የኩባንያውን ሕጋዊ ስም፣ አድራሻና የፈቃድ ቁጥር ይገልጻል። ማኅተም መለጠፍ ብቻውን ፈቃድ አይደለም፤ የማኅተም ሥዕል ማንም ሕፃን ሊገለብጠው ይችላል። ቁጥሩ መመሳከር ያለበት በቁማር ቤቱ ገጽ ሳይሆን በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የማልታ ባለሥልጣን የፈቃድ መዝገባቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። በካሪቢያኗ ኩራሳው ደግሞ ለብዙ ዓመታት አራት ዋና ፈቃድ የያዙ ኩባንያዎች ለሌሎች ንዑስ ፈቃድ ሲያከፋፍሉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 24 ቀን 2024 ጀምሮ በጸና አዲስ ሕግ ፈቃድ መስጠቱ በቀጥታ የተቆጣጣሪው ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተለጠፈ የድሮ ማኅተም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ደግሞም የሩቅ ደሴት ፈቃድ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በሌላ አገር ለመሥራት አያስችልም፤ አዲስ አበባ ላይ የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ወደ ደሴቲቱ ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጉርሻ ነው። ማስታወቂያዎቹ በነፃ የሚሰጡትን የመጫወቻ ገንዘብ «ጉርሻ» ብለው ሰይመውታል። ከቃላቱ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ምርጫ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ማዕድ ጉርሻ የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው፤ ያጎረሰ ሰው ጎራሹን «አሁን ሠላሳ አምስት ጊዜ መልስልኝ» አይለውም። የቁማር ቤት ጉርሻ ግን እንዲህ ይላል። ምሳሌ እንውሰድ ከተባለ፣ 1,000 ብር ተሰጥቶ፣ ከማውጣት በፊት የ35 እጥፍ ውርርድ ተጠየቀ እንበል። ተጫዋቹ በድምሩ 35,000 ብር መወራረድ አለበት። ጨዋታው ከተወራረደው መቶ ብር በአማካይ 96 ብር የሚመልስ ቢሆን፣ ከ35,000 ብር በአማካይ 1,400 ብር በመንገድ ይቀራል። ጉርሻው አንድ ሺህ፣ የጉርሻው ዋጋ አንድ ሺህ አራት መቶ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ቢባል ያንስበታል፤ ይህች ላም ድርቆሽም ትበላለች።

አራተኛው ጥያቄ ገንዘብ ሲወጣ የሚታየውን ጠባይ ይመለከታል። መጥፎ ቤት ገንዘብ ሲገባ በደቂቃ ይቀበላል፤ ሲወጣ ግን ሰበቡ ይበዛል። ሲቀበል ያልጠየቀውን መታወቂያ ሲከፍል ደጋግሞ ይጠይቃል። በመጨረሻም «ያሸነፉት እንዲለቀቅ በቅድሚያ ግብር ይክፈሉ» የሚል መልእክት ይመጣል። እዚህ ላይ ምርመራ አያስፈልግም። ያሸነፈን ሰው ሽልማቱን ለመቀበል ገንዘብ እንዲልክ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

አምስተኛው የነቢያት ጉዳይ ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከፍ እያለች ስትሄድ ገንዘቡ እየተባዛ የሚሄድበት፣ አውሮፕላኗ ድንገት ስትሰወር ያላወጣ ሁሉ የሚከስርበት ጨዋታ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በቴሌግራም «አውሮፕላኗ የምትሰወርበትን ቅጽበት እንነግርዎታለን» እያሉ ምልክት የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። የሚሰወርበትን የሚያውቅ ሰው ለምን ራሱ አይጫወትም? የትንቢቱ ዋጋ ከሽልማቱ ሲያንስ፣ ነቢዩ የሚተማመነው በትንቢቱ ሳይሆን በገዢው የዋህነት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በሚገባ የመለሰ ቤት አታላይ ላይሆን ይችላል። ይህ ማለት ግን ተጫዋቹን ያተርፈዋል ማለት አይደለም። የሩሌት መንኰራኵር ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉት። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ አንድ ብር ያስቀመጠ ሰው 37 ብር አውጥቶ፣ የትኛውም ቁጥር ቢወጣ የሚመለስለት 36 ብር ነው። ሁለት ዜሮ ባለበት መንኰራኵር ደግሞ 38 ብር አውጥቶ ያንኑ 36 ይቀበላል። በዚህ ውስጥ ሌብነት የለም፤ ሒሳቡ በግልጽ የተቀመጠ ነው። ይህን የቤቱን ድርሻ የስልኩ ተርጓሚ ቃል በቃል «የቤት ጠርዝ» ብሎታል። እንደገና ሳያውቀው ልክ ሆነ፤ ሰው የሚወድቀው ከጠርዝ ላይ ነው። ታማኙ ቤት ቀስ ብሎ ይወስዳል፤ ሐሰተኛው በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው።

ይህ ጉዳይ የኪነ ጥበብን ሰው የሚነካው በሌላ በር ነው። ጅቡ ቋንቋ ተምሯል ሲባል አስተማሪ ነበረው ማለት ነው። የማስታወቂያውን አማርኛ የሚያርም ተርጓሚ፣ ድምፁን የሚያውስ ተዋናይ፣ ዜማ የሚሠራለት ሙዚቀኛ አለ። ሁሉም እንጀራ ፈላጊ ነው፤ በዚህ አይወቀስም። የሕዝብ እምነት ግን የባለሙያው የግል ንብረት አይደለም። ተመልካች ያን ድምፅ የሚያምነው በመድረክ ላይ ለዓመታት ሲሰማው ስለኖረ ነው። ድምፁ ሲሸጥ አብሮ የሚሸጠው ይህ እምነት ነው።

ከላይ የተጠቀሰው መምህርም ፈተናው ደርሶት ነበር። ማስታወቂያ እያጠራቀመ እንደሚያርም የሰማ አንድ ደላላ አርባ መስመር አምጥቶ፣ ከወር ደመወዙ የማያንስ ክፍያ ቃል ገባለት። መምህሩ መስመሮቹን አነበባቸው። ማፈግፈግን ወደ ማውጣት፣ ሕያው ነጋዴን ወደ ካርታ አዳይ መለወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ግን «ውሉንም አብሬ ልተርጉመው፤ አምጡልኝ» አለ። ደላላው «ውሉ አይተረጐምም፣ ጋሼ፤ ማንም አያነበውም» ሲል መለሰለት። መምህሩ አርባውን መስመር መልሶ ሰጠው።

እርምጃው ትንሽ ናት። ቁማር ቤቱ ሌላ አራሚ ማግኘቱ አይቀርም፤ ምናልባትም ሰው ሳያስፈልገው በመሣሪያ ያሳርም ይሆናል። ነገር ግን የተማረ ሰው ለሕዝቡ ሊያበረክት ከሚችለው ሁሉ ቀላሉና በእጁ ያለው ይኸው ነው። መምህሩ በክፍሉ፣ ጸሐፊው በጽሑፉ፣ ተዋናዩ በመድረኩ፣ ግብዣ በተሰማ ቁጥር ውሉን መጠየቅን ሊያስለምድ ይችላል። ግብዣውን አሳምሮ ውሉን የሸሸገ ሰው ቁርበቱን ያነጠፈው እርሱ ነው፤ የሚበላው ግን የሌላ ሰው ቁርበት ነው።