እንጨት እንግዳና ባለቤት አይለይም

እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም፤ ፊደል የለየሁትም ዘግይቼ ነው። ነገር ግን አጥር ማጠር ከአባቴ የወረስኩት ሥራ ነው። የኡልፓን አስተማሪያችን «የምታውቀውን ጻፍ» ስላለችኝ፣ በጓሯችን አትክልቱን ስለከበበችው የእንጨት አጥር ልጻፍላችሁ።

በአገራችን የአጥር ጠላቱ ሁለት ነው፤ ውሃና ምስጥ። ሁለቱም የሚጀምሩት ከእግሩ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ለምሰሶ ወይራ ወይም ጥድ ይመርጡ ነበር፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውም። ባህር ዛፍ ከሆነ ደግሞ መሬት የሚገባውን ጫፍ እሳት ላይ እያገላበጡ ጥቁር እስኪል ይለበልቡታል። ጎንደር ከተማ ከገባን በኋላ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እየገዛን እንቀባ ነበር።

ጎንደር ስንጠብቅ የኖርነው በኪራይ ቤት ነው። ብዙ ሰው «ዛሬ ነገ ስማችን ይወጣል፤ ለሰው ቤት አጥር ምን አደከመን» ይል ነበር። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት ዓመትን ወለደ። የነሱ አጥር ወደቀ፤ የሰው ፍየል እየገባ የዘሩትን ጎመን ጨረሰው፤ ማታ ጅብ ደጃቸው ድረስ መጣ። እኔ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ የበሰበሰውን ነቅዬ አዲስ እተክል ነበር። ጎረቤት ይስቅብኝ ነበር። አጥሩ እዚያው ቀረ፤ ልጆቼ ግን በውስጡ በሰላም አደጉ።

በ2015 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በ2023፣ ቂርያት ጋት ስንገባ አየሩ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። እኛ ክረምት የምንላቸው ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ጠብታ የላቸውም፤ ዝናቡ በብርድ ወራት ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚህ እንጨቱን መጀመሪያ የምትጎዳው ፀሐይ ናት። ላዩ አመድ ይመስላል፣ ይሻክራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲመጣ በስንጥቁ ገብቶ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ደግሞ ለአትክልቱ የተዘረጋው ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ፣ ቲፍቱፎት የሚሉት፣ የምሰሶውን እግር ካረጠበ በደረቅ አገር ክረምት ጠራንለት ማለት ነው። ጎማውን ራቅ ማድረግ ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት እዚህ አይሁን፤ አፈሩንና ጎመኑን ይበክላል፣ ልጆችም ይነኩታል። ቀለም ሱቅ ሄጄ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ፊደል ቆጥሬ አነበብኩ፤ «ሼሜን ፒሽታን» ይላል። ሼሜን ዘይት እንደሆነ ተምረናል። ፒሽታን ምን ይሆን ስል ባለሱቁ ከፈተልኝና ሽታው ነገረኝ፤ ለካስ የኛው ተልባ ነው! እናቴ ቆልታ የምትወቅጠው ተልባ እዚህ የእንጨት መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእግሩ አፈርና ቅጠል ይጠረጋል፣ የላላ ሚስማር ይመታል፣ የሻከረው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። እንጨቱ በደንብ ሲደርቅ ዘይቱን በብሩሽ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። የምሰሶውን አናት ደጋግማችሁ ቀቡ፤ እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በተቆረጠበት በኩል ነውና። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልጠጣውን በጨርቅ ጥረጉ። አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

አሁን አንዳንዱ «ነገ ማሽካንታ አግኝተን ቤት ገዝተን እንሄዳለን፤ አቭ ባይቱ ይሥራው» ይላል። እኔ ይህን ንግግር ጎንደር ሰምቼዋለሁ። እንጨት እንግዳና ባለቤት አይለይም፤ ማንም ይኑርበት ማን ካልተጠበቀ ይወድቃል። ደግሞም ጎንደርና አዲስ አበባ ዛሬም ተራቸውን የሚጠብቁ ወገኖች አሉን፤ የኔም እህት እዚያ ናት። እኛ ስንወጣ የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ የቆመ አጥር ይቆያቸው።

አቭ ባይቱን ጠይቄ ፈቅዶልናል። ሱኮት ሳይደርስ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን፣ ዓርብ ጠዋት እንቀባለን። ዘይቱ ተገዝቷል፤ አሮጌ ጨርቅና ብሩሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።