ባለቃታው ቀስት ይፈቀድ?

መስከረም ሲጠባ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የአጋዘን የቀስት አደን ይከፈታል፤ ክርክሩም አብሮ ይከፈታል። ክሮስቦው የሚባለው ባለቃታ ቀስት ከተለመደው ቀስት ጋር በአንድ ወቅት ይፈቀድ? ኦሪገን ለአደን ጨርሶ ከልክላዋለች፤ ዊስኮንሲን ከ2014 ጀምሮ ለሁሉም አዳኝ ፈቅዳለች። እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ።

ተቃዋሚዎች፣ ቀስተኛው ደጋኑን በክንዱ ወጥሮ ያነጣጥራል፣ ክሮስቦው ግን ተወጥሮ ቃታ መሳብ ብቻ ይጠብቃል ይላሉ። እውነት ነው፣ ለመልመድ ይቀላል። ግን በ1969 ፓተንት ያገኘው ባለመዘውር ቀስትም ድካሙን አቅልሏል፤ ዛሬ በቀስት ወቅት የተለመደ ነው። ደግሞም ክሮስቦው ጠመንጃ አይደለም፦ አንድ ፍላጻ ተኩሶ እንደገና ለማጉረስ ጊዜ ይፈጃል፣ አዳኙም ወደ አጋዘኑ መቅረቡ አይቀርለትም። ትከሻው ለታመመ ወይም ጉልበቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ከአደን ሳይርቅ የሚቆይበት መንገድ ነው።

ጠንከር ያለው ስጋት የአጋዘኑ ቁጥር ነው። በዊስኮንሲን በክሮስቦው የሚታደነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በተለመደው ቀስት ከሚታደነው በልጧል። መፍትሔው ግን የፈቃድና የኮታ ቁጥጥር እንጂ መሣሪያውን ማገድ አይመስለኝም፤ አጋዘን በበዛበት ይፈቀድ፣ በተመናመነበት ይቀነስ።

እናንተስ መስመሩን የት ታሰምሩታላችሁ? ቃታው ላይ ወይስ ቁጥሩ ላይ?