ከረጢቱ በርሜል ውስጥ እንዳይሰምጥ

በድግስ ድንኳን ጥግ የሚቀመጠው የቆሻሻ በርሜል ሁሌም ያሳስበኛል። ገና ግማሽ ሳይሞላ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጣለው የወጥ ትራፊ በቀጥታ በርሜሉ ላይ ይፈስሳል። ያንን ደግሞ በእጇ የምታወጣ፣ ብዙ ጊዜም ማንም የማያመሰግናት ሴት አለች።

ነገሩ ከልኬት ይጀምራል። አፉ 58 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ በርሜል ዙሪያው 182 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ተነጥፎ ሲለካ ወርዱ 91 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ከረጢት ጠርዙን አይዞርም። በጣም ከሰፋ ትርፉን ሰብስቦ ከጠርዙ ሥር መቋጠር ነው። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ይታጠፍና ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ይጥበቅበት። ገመድ ይላላል፤ ላስቲክ ግን እንደተሳበ ይይዛል።

አየሩም አለ። ከሥር የታፈነ አየር ከረጢቱን ታች እንዳይደርስ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ ክብደት ሲያርፍበት ጠርዙን ይዞ ይወርዳል። የሞላውን ስናወጣ ደግሞ አየር ከሥሩ ስለማይገባ እንደተጣበቀ ሆኖ ያስቸግራል። ከበርሜሉ ግርጌ ትንሽ ከፍ ብሎ በጎኑ ሁለት ሦስት ቀዳዳ መብሳት ሁለቱንም ያቃልላል። ታችኛውን መብሳት ግን አልወድም፤ ከረጢቱ የተቀደደ ቀን መረቁ ድንኳኑ ውስጥ ይፈስሳል።