ስለ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ፤ ገዳሟ ፈርሶ ገበያዋ ስለ ቆመው የእንግሊዝ ከተማ

እንግሊዝ አገርን ለማየት የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ሎንዶንን አይቶ አገሩን ሁሉ ያየ ይመስለዋል። የሕዝቡን የኑሮ ሥር ለመረዳት የሚወድ ሰው ግን ገበሬውና ነጋዴው በሚገናኙበት በገበያ ከተማ አንድ ቀን ቢውል ይጠቀማል። ስለዚህ ዛሬ ከሎንዶን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በሰፎክ አውራጃ ስለምትገኘው ስለ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ያየነውንና የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንጽፋለን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከንጉሥ ኤድመንድ ነው። ቤሪ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ መቅበር ከሚለው ቃል ጋራ በድምፅ ስለሚገጥም ብዙ ሰው የንጉሡ መቃብር ማለት ይመስለዋል፤ በጥንቱ ቋንቋ ትርጓሜው ግን የተመሸገ ከተማ ማለት ነው። ኤድመንድ የምሥራቅ አንግልያ ንጉሥ ነበር፤ በ869 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጡ የዴንማርክ ወራሪዎች ገደሉት። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ሃይማኖትህን ካድ ቢሉት እንቢ ስላለ ከዛፍ ጋራ አስረው በፍላጻ ነደፉት፤ ራሱንም ቆርጠው በዱር ጣሉት። ወገኖቹ ወዴት ነህ እያሉ ቢጣሩ ከዚህ ነኝ የሚል ድምፅ ሰሙ፤ ቢቀርቡም አንድ ተኩላ ራሱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲጠብቅ አገኙት ይባላል። ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ወላጆች ይህን ታሪክ አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ የተኩላው ምስል በከተማዪቱ በልዩ ልዩ ስፍራ ስለሚታይ እየፈለጉ ይደሰቱበታል። የእንግሊዝ ሕዝብ እኛም የምናከብረውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ጠባቂዬ ከማለቱ በፊት ብዙ ዘመን ይማጠን የነበረው በዚሁ በኤድመንድ ነበር።

የሚያስደንቀው ነገር፥ በ1020 ዓ.ም. ለሟቹ ንጉሥ መታሰቢያ ገዳሙን የመሠረተው ራሱ የዴንማርክ ወገን የሆነው ንጉሥ ካኑት ነው። ከዚያም በኋላ ባልድዊን የሚባለው አበ ምኔት ታላቁን ቤተ ክርስቲያን አስጀመረ፤ ሕንጻው ሲፈጸም ርዝመቱ ከ150 ሜትር በላይ ሆነ። የከተማዪቱንም መንገዶች እንደ ገበታ በቀጥታ አስተለመ፤ ከነዚህም አንደኛው በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ተሠራው ወደ ኖርማን ግንብ ያቀናል። በዚያ መንገድ ቁልቁል ስንሄድ ግንቡ ከፊታችን እየጎላ መጣ። እስከ ዛሬም የደወል ቤት ሆኖ ያገለግላል።

በ1214 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኳንንት በዚህ ገዳም መሠዊያ ፊት ተሰብስበው ንጉሥ ዮሐንስን በሕግ እንዲገዛ ለማስገደድ ተማማሉ ይባላል። በሚከተለው ዓመት ማግና ካርታ የሚባለው የነጻነት ደብዳቤ በንጉሡ ማኅተም ጸና። ይህን የሚያስታውስ ጽሑፍ በፍርስራሹ ላይ ተለጥፎ ይታያል።

ነገር ግን ገዳሙና ከተማው በሰላም አልኖሩም። ገበያው፥ ቀረጡና ዳኝነቱ ሁሉ በአበ ምኔቱ እጅ ስለ ነበረ ሕዝቡ ተማርሮ በ1327 ዓ.ም. በገዳሙ ላይ ተነሣ፤ ደጁንም አፈረሰ። በፋንታው የተሠራው ታላቁ በር ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ጌጡን ብቻ ያየ ሰው የቤተ መቅደስ ደጅ ይመስለዋል፤ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን መዝጊያ መንገድ ሲያይ ምሽግ መሆኑን ያስተውላል። መነኮሳቱ በሩን የሠሩት የገዛ ጎረቤታቸውን ፈርተው ነው።

በ1539 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳሙን ዘጋ። የገዛ እኅቱ ማርያም፥ የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቀበረችው በዚሁ ገዳም ነበር። ዐፅሟም ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፈለሰ፤ መቃብሯን በዚያ አየን። ከዚህ በኋላ የተጠረበው ድንጋይ ለቤት መሥሪያ እየተወሰደ አለቀ። ዛሬ በአትክልቱ መካከል ቆሞ የሚታየው በውስጥ የነበረው የባልጩትና የኖራ ሙሌት ነው፤ ሥጋው እንዳለቀ አጥንት ይመስላል። በምዕራቡ ፊት ፍርስራሽ ውስጥ ግን ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ ከጥንቱ ቅስት ሥር መስኮትና መጋረጃ ስናይ እጅግ ተደነቅን።

ገበያው ግን ዛሬም ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል። በዳር ያለው የሞይዝ አዳራሽ በ1180 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፤ አንድ ጊዜ ወህኒ ቤት ሆኖ ኖሮ ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ የታሪክ ዕቃ ማሳያ ሆኗል። በ1819 ዓ.ም. የተሠራው ቴአትር ቤትም ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ 40 ዓመት የቢራ በርሜል ማኖሪያ ሆኖ ቆይቶ በ1965 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል።

ከተማዪቱ ክብሯን ብቻ አላስታወሰችም። በ1190 ዓ.ም. በዚህ ከተማ 57 አይሁድ ተገድለው የቀሩት ተሰደዱ፤ በገዳሙ አትክልት ውስጥ የእንባ ጠብታ የሚመስል መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እንግዳ የሚጎበኘው ስፍራ ነውርንም ሲናገር ቃሉ የታመነ ይሆናል።

በመጨረሻ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1914 ዓ.ም. የጳጳስ መንበር ሆነ፤ ግንቡ ግን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ የተፈጸመው በ2005 ዓ.ም. ነው። ገዳሙ ከተዘጋ ከ466 ዓመት በኋላ በዚያው ቅጥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲነሣ ታየ።

ያን ጊዜ ከገዳሙ ድንጋይ ይወስድ የነበረው ሰው አጥፊ ነኝ ብሎ አላሰበም፤ እርሱ የወሰደው ለጓዳው ግድግዳ የምትበቃውን ብቻ ነበር። የልጅ ልጆቹ ግን ዛሬ የቀረውን ባልጩት ይጠብቃሉ። በየአገሩ የአባቶችን ሥራ የመጠበቅ አደራ የተሰጠው ሹም ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ ታላቅ ሕንጻ በአንድ ቀን ባይፈርስም፥ የመጀመሪያው ድንጋይ ሲነቀል ዝም ያለ ሰው የመጨረሻውን ለማስቀረት ይቸግረዋል።